ባለቅኔው ነጋዴ በእንጦጦ

በ1878 ዓ.ም. በኅዳር ወር አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ከኤደን ወደብ ለቤተ ሰቦቹ ደብዳቤ ጽፎ አንድ መጽሐፍ ፈልገው እንዲልኩለት ለመናቸው። መጽሐፉ አንቷን ዳባዲ የተባለው ሊቅ ያዘጋጀው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነበር። የነጋዴው ስም አርቱር ራምቦ ይባላል፤ ዛሬ ግን ዓለም የሚያውቀው በንግዱ ሳይሆን በቅኔው ነው።

ራምቦ በ1847 ዓ.ም. በሰሜን ፈረንሳይ በሻርልቪል ከተማ ተወለደ። ገና ተማሪ ሳለ በላቲን ግጥም ተሸለመ። ሃያ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ቅኔውን እርግፍ አድርጎ ተወ። በ1873 ዓ.ም. የአንድ ንግድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ሐረር ገባ።

መዝገበ ቃላቱን የፈለገው ለሸዋ ጉዞው ነበር። በሸዋ ብዙ ዘመን ከኖረው ከላባቱ ጋር ተሻርኮ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሊያቀርብ ተነሣ። ላባቱ ግን ታሞ ሞተ። ራምቦ 2,040 ጠመንጃ አስጭኖ በ1879 ዓ.ም. በጥቅምት ከታጁራ ወጣ፤ በረሃውንም አቋርጦ በየካቲት መግቢያ አንኮበር ደረሰ። ንጉሡ ሐረርን አስገብረው ሲመለሱ እንጦጦ ላይ ተገናኛቸው። በኮልፌና በቀራንዮ የምትኖሩ ቀና ብትሉ የምታዩት ያ ተራራ ነው።

ሒሳቡ ሲተሳሰብ የሟቹ የላባቱ ዕዳ ከዋጋው ላይ ተቀነሰ። ለቀሪውም በእጅ ገንዘብ በመስጠት ፈንታ፣ በሐረር ደጃዝማች መኰንን እንዲከፍሉት የሚያዝዝ ወረቀት ተጻፈለት። ሌሎች ባለዕዳ ጠያቂዎችም ከየአቅጣጫው ከበቡት። ብዙ የውጭ አገር ጸሐፊዎች ምኒልክ ባለቅኔውን አታለሉት ይላሉ። እኔ ግን ይህ ፍርድ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ የተሰጠ ይመስለኛል፤ የነገሩ ዝርዝር በአብዛኛው የተገኘው ከከሳሹ ከራሱ ደብዳቤዎች ነውና። የሟች ሸሪክ ዕዳ ምን ያህል ጣጣ እንዳለው በሒሳብ ክፍል የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ከገንዘቡ ኪሳራ ይልቅ የሚቆጨው ሌላ ነገር ነው። ላባቱ የሕይወቱን ታሪክ የጻፈባቸው ከሠላሳ የሚበልጡ ደብተሮች በሚስቱ ቤት ነበሩ። በዚያ ዘመን በሸዋ ቤተ መንግሥት ዙሪያ የኖረ ሰው ምን ምን እንዳየ ማን ይነግረናል? ራምቦ ደብተሮቹን አግኝቶ፣ ሴቲቱ እየተራገመች፣ በእሳት አቃጠላቸው። በመካከላቸው የንብረት ማስረጃ ወረቀቶች እንደ ነበሩ የሰማው ኋላ ነው።

ከዚያም በሐረር ንግዱን ቀጠለ። በ1883 ዓ.ም. እግሩ ታሞ በቃሬዛ ወደ ባሕር ወረደ፤ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በ1884 ዓ.ም. በኅዳር በ37 ዓመቱ ሞተ። የላባቱ ደብተሮች መቃጠላቸው የታወቀውም፣ ራምቦ ራሱ በኤደን ለነበረው የፈረንሳይ ቆንስል ስለ ዕዳው ባመለከተበት ደብዳቤ ውስጥ ስለ ጻፈው ነው።