«ግራውንድ ስኩል»፦ የምድር ትምህርት

አውሮፕላን ማብረር የሚማር ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ከሚሰማቸው ቃላት አንዱ «ግራውንድ ስኩል» ነው። ሲሰሙት የሕንፃ ስም ይመስላል፤ ግን የትምህርቱ ስም ነው። ሞተር ሳይነሳ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጠናውን ሁሉ ያጠቃልላል፦ የአየር ሕግ፣ የአየር ጠባይ፣ የካርታ ንባብ፣ የክብደት ስሌት፣ ክንፍ አየርን ይዞ እንዴት እንደሚነሳ። ክፍል ገብተው በመምህር ፊት ቢማሩትም፣ ማታ ማታ ቤት ውስጥ ብቻዎን ቢያነቡትም ስሙ ያው ነው።

እኔ «የምድር ትምህርት» እለዋለሁ። «የመሬት ትምህርት» ቢባል ጆሮ ወደ ይዞታና ካሳ ይሄዳል፤ መሬት አስተዳደር ደጅ የጠና ሰው የምለው ይገባዋል። «ቅድመ በረራ ትምህርት» ደግሞ አብራሪው ከመነሳቱ በፊት አውሮፕላኑን እየዞረ ከሚያደርገው ፍተሻ ጋር ይምታታል፤ በዚያ ላይ ትምህርቱ ከበረራው ጎን ለጎን የሚሄድ እንጂ ቀድሞ የሚያልቅ አይደለም። «ምድር» ግን ከአየር ጋር ተነጻጽሮ መቆም ለምዷል፤ አየር ኃይል ባልንበት አፍ ምድር ጦር እንላለን።

«ቲዎሪ» ለምን አይበቃም? ቃሉን ከመንጃ ፈቃድ እናውቀዋለንና ወዲያው ፈተናን ያስታውሰናል። ቲዎሪ የሚፈተን ሰው የሚፈልገው ፎቶ ኮፒ የተደረገ የጥያቄና መልስ ወረቀት ነው። የምድር ትምህርት የሚማር ግን መጽሐፍ ይፈልጋል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

በነገራችን ላይ «የግል አብራሪ» የሚለው ትርጉምም ያሳስታል። የግል ሹፌር ስንል በአንድ ባለ መኪና የተቀጠረ ሰው ነው የሚታየን። የግል አብራሪ ፈቃድ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የያዘው ሰው ተቀጥሮ፣ ደመወዝ እየተቀበለ ማብረር አይችልም።

ወደ መጽሐፉ እንመለስ። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ተቀምጦ ይህን ፈቃድ ለሚያስብ ወገናችን ጥሩው ወሬ፣ ፈተናውን የሚቆጣጠረው የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መጻሕፍቱንም በነፃ ማደሉ ነው። ዋናው «ፓይለትስ ሃንድቡክ ኦቭ ኤሮኖቲካል ኖውሌጅ» የሚባለው ባለ 17 ምዕራፍ መጽሐፍ ነው። ወፍራም ነው፤ ሥዕሉ ግን ብዙ ስለሆነ እንግሊዝኛው ሲከብድ ይደግፋል። «ኤርፕሌን ፍላይንግ ሃንድቡክ» ደግሞ አያያዙን ያስተምራል። ከሁለቱ በፊት ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ላይ የዋለውን የብቃት መለኪያ ሰነድ ማውረድ ይበጃል። ምን ማወቅ፣ ምን መሥራት እንደሚጠበቅብዎ ነጥብ በነጥብ፣ እያንዳንዱን ከነመለያ ኮዱ ይዘረዝራል። በፈተናው ክፍል ውስጥ የሚሰጠው የካርታና የሠንጠረዥ ጥራዝም እንዲሁ በነፃ ይገኛል፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ገብቶ ገጽ ሲያገላብጥ ጊዜው ያልቅበታል።

ፈተናው 60 ጥያቄ ነው፤ እያንዳንዱ ሦስት ምርጫ አለው፤ ማለፊያው 70 ከመቶ። መሥሪያ ቤቱ ድሮ የጥያቄ ቋቱን እንዳለ ያሳትም ነበር፤ አሁን የሚያወጣው ናሙና ብቻ ነው። ገበያው ላይ የሚሸጡት የመለማመጃ ጥያቄዎች ለልምምድ ይጠቅማሉ፤ ተሸምድደው ግን የትም አያደርሱም። ምክንያቱን በቦሌ ላሳይ።

«ዴንሲቲ አልቲቱድ» የሚባል ነገር አለ፤ አውሮፕላኑ ከአየሩ መሳሳት የተነሳ ምን ያህል ከፍታ ላይ ያለ ያህል እንደሚሠራ የሚነግር ቁጥር ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 7,600 ጫማ ገደማ ነው። በዚያ ከፍታ በመደበኛው ስሌት የሚጠበቀው ሙቀት 0 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ለሚበልጥ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ያህል ይጨመራል። የአየሩ ግፊት መደበኛ ሆኖ ቀኑ 20 ዲግሪ ቢሆን 2,400 ጫማ ተጨምሮ 10,000 ይደርሳል። ለእኛ ደስ የሚል የጥቅምት ቀን ነው፤ ለትንሿ አውሮፕላን ግን መሬት ላይ እንደቆመች 10,000 ጫማ ወጥታለች ማለት ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ሳስቷል፣ ውልብልቢቱም ክንፉም የሚይዙት አንሷል። መንደርደሪያዋ ይረዝማል፣ ከተነሳችም በኋላ ሽቅብ መውጣቱ ይከብዳታል። መልሱ «ለ» እንደሆነ ብቻ የሸመደደ ሰው ቁጥሩ ሲለወጥ ይጠፋበታል፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን ሜዳው ላይ ሲጠፋበት ነው።

ለንደን ወይም ፍራንክፈርት ያለ አንባቢ ከአሜሪካው መጽሐፍ ይህን ዓይነቱን ክፍል ያለ ስጋት ሊያነብ ይችላል፤ የሕጉን ክፍል ግን ይዝለለው። እዚያ ፈተናው በዘጠኝ የትምህርት ዓይነት የተከፈለ ነው፤ በእያንዳንዱ 75 ከመቶ ይጠየቃል፤ ሁሉንም በ18 ወር ውስጥ መጨረስ ግድ ነው። የግፊት መለኪያው እንኳ ይለያያል፤ አሜሪካ 29.92 ኢንች ሜርኩሪ የምትለውን አውሮፓ 1013 ሄክቶፓስካል ይለዋል። ያገለገለ መጽሐፍ ለመግዛት ያሰበም የሕትመቱን ዓመት ይይ፤ የክንፍ ፊዚክስ አያረጅም፣ ደንብ ግን ያረጃል።

ቋንቋው ሌላው ዳገት ነው። የአሜሪካ ፈቃድ እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገርና መረዳትን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ንባቡን ከእንግሊዝኛ ማሸሽ አይቻልም። የአማርኛ ማስታወሻ ደብተር መያዝ ግን ይረዳል። ለምሳሌ «ስቶል» ሲባል መኪና የነዳ ሰው ሞተር ጠፋ ብሎ ይረዳል። በበረራ ግን ሞተሩ እያጓራ ስቶል ሊመጣ ይችላል፤ ክንፉ አየሩን የሚገጥምበት ማዕዘን ከልክ አልፎ፣ አየሩ የክንፉን ጀርባ ለቅቆ ሲበታተን ማለት ነው። እንዲህ ያለውን በራስ ቋንቋ አንድ ጊዜ የጻፈ ሰው አይረሳውም።

የጽሑፍ ፈተናው ውጤት ሲመጣ የሳቷቸው ነጥቦች በኮድ ተዘርዝረው ይወጣሉ። ወረቀቱን መምህሩ ያየዋል፤ በመጨረሻው ቀን ደግሞ የተግባር ፈታኙ እጅ ይገባል። እሱም አውሮፕላኑ ውጭ ቆሞ እየጠበቀ፣ ከጠረጴዛ ማዶ ተቀምጦ ከእነዚያው ኮዶች ይጠይቃል።