ከአቃቂ እስከ ሐዳር፦ የእጅና የእግር አጥንቶች ምስክርነት



የአቃቂ ወንዝ ከአባ ሳሙኤል ግድብ አልፎ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽም ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ የነበረውን አስተሳሰብ ከለወጡት አጥንቶች ብዙዎቹ የተገኙት በዚሁ በአዋሽ ተፋሰስ ነው። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ቅል ሳይሆን ስለ እጅና እግር፣ እነርሱንም ከአካል ጋር ስለሚያያይዙት የትከሻና የዳሌ አጥንቶች ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብዙ ሊቃውንት የሰው አእምሮ አስቀድሞ አደገ፣ ቀጥ ብሎ መሄድ ኋላ መጣ ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 በእንግሊዝ አገር ይፋ የሆነው የፒልትዳውን ቅል ይህን እምነት አጸና። ቅሉ የተጭበረበረ መሆኑ የታወቀው ግን በ1953 ነው።

በ1973 በሐዳር አንድ የጉልበት መገጣጠሚያ ተገኘ። የጭኑ አጥንት እንደ እኛው ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ የቺምፓንዚ ጭን ግን እንዲህ አያዘነብልም። በዓመቱ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ ተገኘች። ዳሌዋ አጭርና ሰፊ ሲሆን፣ የዝርያዋ አእምሮ ግን ከቺምፓንዚ እምብዛም የሚበልጥ አልነበረም። ስለዚህ ሰው አስቀድሞ ቆመ፣ አእምሮው ኋላ አደገ።

ትከሻው ግን ክርክር አስነሣ። በ2000 በዲኪካ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የተገኘችው ሕፃን «ሰላም» የትከሻዋ አጥንት ዝንጀሮ መሰል ገጽታ ስላለው፣ ዛፍ መውጣት አልተወችም ተባለ። በ2005 በወራንሶ ሚሌ በዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ቡድን የተገኘው የ3.58 ሚሊዮን ዓመት አጽም ትከሻ ግን ወደ ሰው የቀረበ ነው ተባለ። የአንድ ዝርያ ሁለት ትከሻዎች ሁለት ንባብ ሰጡ።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚገኘው በመልካ ቁንጡሬም ከ1.39 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የላይኛ ክንድ አጥንት ቁራጭ ተገኝቷል። የማን ዝርያ እንደሆነ ሲያከራክር ኖሯል።

ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ስትሄዱ፣ ከድንቅነሽ ቅል የተረፈው ጥቂት ስብርባሪ ብቻ መሆኑን አስተውሉ። በዓለም ያስጠራት ዳሌዋና እግሯ ነው። እናንተም በጥናት መስክ ስትሰማሩ፣ ቅል እየፈለጋችሁ የክንድና የጭን ቁራጭ አትለፉ።