አገር ቢለውጡ አፍንጫ ይከፈታል?

"አየር ብትለውጥ ይሻልሃል" የሚለውን ምክር ያልሰማ በሽተኛ እኛ አገር መኖሩን እንጠራጠራለን፡፡ ሐኪሙም ይለዋል፣ ጎረቤቱም ይለዋል፣ የንስሐ አባቱም ይሉታል፡፡ በየዓመቱ መስከረም ከጠባ ጀምሮ አፍንጫው የሚዘጋ፣ ዓይኑን የሚያሳክከው፣ ግንባሩን ሰቅዞ የሚይዘው ሰው ደግሞ ምክሩን ከማንም በላይ ከልቡ ይሰማዋል፡፡ ችግሩ ግን ምክሩ በነፃ አይደለም፡፡ ቤት መሸጥ፣ ሥራ መልቀቅ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ማውጣት አለ፡፡ እኛ ሐኪሞች ስላልሆንን መድኃኒት አናዝም፤ ግን ከዚህ በፊት የሄዱት ሰዎች ምን ገጠማቸው ብለን መጠየቅ እንችላለን፡፡

ሸዋ ቦታ መለወጥን የተማረችው ከቤተ መንግሥቷ ነው ብንል አንዋሽም፡፡ ምኒልክ ከአንኮበር ተነስተው ልቼ ሰፈሩ፤ ከዚያ እንጦጦ ወጡ፤ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ከእንጦጦ ብርድና ነፋስ ወርደው ፍል ውሃው አጠገብ አዲስ አበባ ተቆረቆረች፡፡ ፖለቲካው፣ ውሃውና የማገዶው ነገር እንዳለ ሆኖ፣ እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ፍል ውሃውን ለቁርጥማትና ለብርድ መድኃኒት ብለው ይወዱት እንደነበር የታወቀ ነው፡፡ ታዲያ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ አዲሲቱ ከተማም እንጨት አለቀባትና ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታሰበ፡፡ ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው፡፡ ቦታ ለመለወጥ የተቸኮለበት ችግር እዚያው በተተከለ ዛፍ ተፈታ ማለት ነው፡፡ (ዛሬ ቅጠሉን አፍልተን ለተዘጋ አፍንጫ የምንታጠነው ያንኑ ዛፍ ነው፡፡)

ተራው ገበሬ ግን ከቤተ መንግሥቱ የበለጠ ጠንቃቃ ነበር፡፡ እነዋሪ የተቀመጠችው ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ሜዳ ላይ ነው፤ ሜዳው ሲያልቅ የጀማ ወንዝ ገደል አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፡፡ ከላይ ደጋ፣ ከታች ቆላ፡፡ ለብርዳም ሰው ታች ያለው ሙቀት መድኃኒት ይመስላል፡፡ ነገር ግን የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ ማረስን እንጂ ቆላ ማደርን ሲፈራ ኖሯል፤ ምክንያቱም ንዳድ አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1958 የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ወደ ሦስት ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህል ሲሞት፣ ፍርሃቱ ከንቱ እንዳልነበር ታየ፡፡ በ1977 ድርቅ ጊዜ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ደገኞችን ወደ መተከል፣ ወለጋና ጋምቤላ ሲያሰፍር ይህን የገበሬ እውቀት የጠየቀ አልነበረም፡፡ ከረሃብ ያመለጠ ሰው በወባ ሞተ፡፡ ስለ አፍንጫ እያወራን ይህን ማንሳታችን የተጋነነ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ግን አየር ለውጥ ማለት አንዱን በሽታ ትቶ ሌላው ወዳለበት መሄድም ነው፡፡

ፈረንጆቹም ከእኛ የተለየ ነገር አላደረጉም፡፡ ሳህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ በነገሡበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1819 ጆን ቦስቶክ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም በየዓመቱ በሰኔ የሚይዘውን የራሱን በሽታ ጻፈ፤ ዓይን ማሳከክ፣ ማስነጠስ፣ ደረት መጥበብ፡፡ መድኃኒት ሁሉ አልሠራ ሲለው ባሕር ዳር ወደምትገኘው ራምስጌት ሄደ፤ እዚያ ቀለል አለው፡፡ ለምን እንደቀለለው አላወቀም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1873 ቻርልስ ብላክሊ የሣር ብናኝ መሆኑን በራሱ ላይ ሞክሮ እስኪያሳይ ድረስ ሙቀቱ ነው፣ ፀሐዩ ነው ሲባል ቆየ፡፡ ነፋስ ከባሕር ሲነፍስ የሣር ዱቄት ይዞ አይመጣማ!

በአሜሪካ ደግሞ ሀብታሞቹ በየክረምታቸው መዳረሻ ወደ ኒው ሃምፕሸር ተራሮች ይሸሹ ነበር፤ በ1874 ማኅበር እስከማቋቋም ደረሱ፡፡ በኋላ ሽሽቱ ወደ አሪዞና በረሃ ዞረ፡፡ እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚያስቀው፡፡ ወደ ቱሳን የሄዱት ሰዎች ለምለም አገራቸው ናፈቃቸውና ሣር ዘሩ፣ የእንጆሪ ዛፍና ወይራ ተከሉ፡፡ በሽታቸውን በገዛ እጃቸው ተከሉት ማለት ነው፤ በ1980ዎቹ የአካባቢው አስተዳደር የእነዚህን ዛፎች ሽያጭ በሕግ እስከመከልከል ደረሰ፡፡

ወደ እነዋሪ እንመለስ፡፡ የአውሮፓ የአስም በሽተኞች ለከፍታው ብለው የሚሄዱባት የስዊዘርላንዷ ዳቮስ 1,560 ሜትር ላይ ናት፤ እነዋሪ በአንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ትበልጣታለች፡፡ ሰዎቹ ወደ ዳቮስ የሚሄዱት አየሩ ደረቅ ስለሆነ በፍራሽና በብርድ ልብስ ውስጥ የሚኖረው ዓይን የማያየው ተባይ እዚያ ስለማይበረክት ነው፡፡ ታዲያ እነዋሪ ላይ ሰው ለምን ያስነጥሳል? ምላሹ ያለው ሰማይ ላይ ሳይሆን ግቢ ውስጥ ነው፡፡ ክረምቱ ሲወጣ የሜዳው ሣር ያብባል፤ ብናኙ በነፋስ ይሄዳል፡፡ (አደይ አበባን አትውቀሱ፤ እሷ የንብ ናት፣ ዱቄቷ እንደ ሣር አይበንም፡፡) ከዚያ የስንዴና የጤፍ ውቂያ ይመጣል፤ እብቁ አውድማውን አልፎ መንደር ይገባል፡፡ ስሙ አዲስ አበባ ድረስ የሚጠራው የጅሩ ሰንጋ የሚደልበው በዚሁ ጭድ ነው፤ ክረምት የመታው ጭድ ደግሞ ሻጋታ አያጣውም፡፡ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ምድጃ ውስጥ የሚነደው ኩበት ነው፡፡ ጭሱን የጠላት ሰው ያውቀዋል፡፡ ጭስ አለርጂ ባይሆንም ያበጠውን አፍንጫ ያባብሳል፡፡ እንግዲህ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ያለቁትን አስበን በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ አቃጥለን አገር የምናጥንበት ቀን በዚሁ ወቅት መካከል ይውላል፡፡ አየሩን ለማጽዳት ብለን የምናደርገው ለነዚህ ሰዎች ከዓመቱ ክፉ ቀን አንዱ ነው፡፡

"ከተማ ብገባ ይሻለኛል" ለሚል ሰው ደግሞ መጥፎ ዜና አለን፡፡ በጅማና በዙሪያዋ ከ12,000 በላይ ሰው ተጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት ላይ በወጣው ጥናት፣ አስም የበዛው ገጠር ሳይሆን ከተማ ነበር፡፡ በ1984 እና በ1991 በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የተወሰዱት ወገኖቻችንም ነገር ተመሳሳይ ነው፤ በ1999 የታተመ የእዚያ አገር ሐኪሞች ጽሑፍ በመካከላቸው የአስም ሕመም ከሌላው ሕዝብ በርትቶ መገኘቱን መዝግቧል፡፡ ከሄዱ በኋላ ሰውነት አዲሱን አገር ይማረዋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አዲሱን ብናኝ መጥላት ሊጀምር ይችላል፡፡

እነዋሪ ላይ ወደ ሸዋ ሮቢት ለመዛወር ማመልከቻ የጻፉ አንድ መምህር እናውቃለን፡፡ ባለቤታቸው ሱቅ አላቸው፣ ቤታቸውን ገና በቅርቡ ነው የጨረሱት፡፡ አንዴ ሳይነስ፣ አንዴ አለርጂ፣ አንዴ ብርድ ሲባሉ ነው የኖሩት፡፡ ሸዋ ሮቢት ሞቃት ናት፤ ወባም አለባት፡፡ ትንሽ ዝቅ ሲሉ አፋር ላይ ለበረሃ መከላከያ ተብሎ መጥቶ አገሩን የወረረው ፕሮሶፒስ ይጠብቃል፤ የእሱ ብናኝ በሌላ ዓለም አለርጂ በማስነሳት የታወቀ ነው፡፡ የቱሳን ታሪክ በአማርኛ! አፍንጫቸው የተዘጋው በውስጥ አጥንት መጣመም ወይም በሥጋ ማደግ ከሆነ ደግሞ ቆላም ደጋም አይከፍተውም፤ የአንገት በላይ ሐኪም ማየት ይቀድማል፡፡ አለርጂው ከሆነ ግን አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት አለ፣ ተፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ ማጠብ አለ፣ ለማድቤቱ ጭስ ማውጫ መሥራት አለ፡፡ ሁሉም ቢደመር ከአንድ የጭነት መኪና ኪራይ ይረክሳል ብለን እንገምታለን፡፡

መምህሩ ግን አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፤ "ሞክሬዋለሁ" ይላሉ፡፡ ሸዋ ሮቢት ዘመድ ጋ ወርደው አንድ ወር ሲቀመጡ አፍንጫቸው አንድ ቀን አልተዘጋም፡፡ መቼ ነበር ብለን ጠየቅናቸው፡፡ ነሐሴ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነዋ፡፡ ነሐሴ ላይ እኮ እነዋሪም ሣሩ ገና አላበበም፣ ውቂያም የለም፡፡ ለጥቅምት የሁለት ሳምንት ፈቃድ እንዲጠይቁ ነግረናቸዋል፡፡ ርዕሰ መምህሩ ይሰጧቸው እንደሆነ እናያለን፡፡