«መጣሁ፣ አምስት ደቂቃ ናት!»

ባለፈው ክረምት ነው። ወረቀት ኮፒ ላስደርግ ቸኩዬ፣ መኪናዬን አንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ ገተርኳት። ጥበቃው ካፖርቱን እየሰበሰበ መጣና «ጋሼ፣ እዚህ ማቆም ክልክል ነው» አለኝ። «መጣሁ፣ አምስት ደቂቃ ናት! አላቆምኩም እኮ፣ ቆም ብዬ ነው» አልኩት። ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው መቼም ለሰበብ ቃል አይቸግረውም።

ቃሉ ግን እውነትም ያስቸግራል። አማርኛችን ተሳፋሪ ለማውረድ ለአፍታ መቆምንም፣ መኪና ቆልፎ መሄድንም «ማቆም» ይላቸዋል። ሁለተኛውን ለመለየት ስንፈልግ «ፓርክ ማድረግ» ብለን ከፈረንጅ ተዋስን። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። ሰው ለማሳፈርና ለማውረድ፣ ዕቃ ለመጫንና ለማራገፍ ለሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ የቆመ መኪና ለአፍታ ቆሟል። እኔ እንዳደረግሁት ለራስ ጉዳይ ትቶ መሄድ ግን፣ አምስት ደቂቃም ትሁን፣ ፓርክ ማድረግ ነው። ምልክቱም ለየቅል ነው፦ ዙሪያው ቀይ በሆነ ሰማያዊ ክብ ላይ አንድ ቀይ ሰያፍ መስመር ካለ ፓርክ ማድረግ ክልክል ነው፤ ሁለት መስመሮች ከተጣመሩ ግን ለአፍታ መቆምም አይቻልም።

ስምምነቱ የሚከለክላቸውን ቦታዎች ልብ ብላችሁ እዩዋቸው። የእግረኛ ማቋረጫ፣ የባቡር ሐዲድ፣ የመስቀለኛ መንገድ አፋፍ፣ የማይታይ ኩርባ፣ የመንገድ ምልክት የሚጋረድበት ስፍራ። በግቢ መኪና መግቢያ ፊት ደግሞ ፓርክ ማድረግ አይቻልም። ከእያንዳንዱ ክልከላ ጀርባ እኛ ያላየነው አንድ ሰው አለ፤ የሚሻገር ሕፃን፣ ከኩርባው ወዲያ የሚመጣ ሾፌር፣ ከግቢው ሊወጣ ወይም ሊገባ የቸኮለ በሽተኛ።

ጠቡ ከመኪና በፊትም ነበረ። ከክርስቶስ ልደት 700 ዓመት ገደማ በፊት፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቀው ንጉሥ ሰናክሬም የነነዌን ንጉሣዊ መንገድ አስፋፋ። ቤት ሲሠራ መሠረቱን ወደ መንገዱ ያስገባ ሰው በገዛ ቤቱ ላይ በእንጨት እንደሚሰቀልም በድንጋይ አስቀርጾ አስጠነቀቀ። «የመጀመሪያው የፓርኪንግ ክልክል ምልክት» የሚሉት አሉ። ጽሑፉ የሚያወራው ስለ ቤት እንጂ ስለ ቆመ ሠረገላ ስላልሆነ ማጋነን ነው። ሐሳቡ ግን ያው ነው፤ መንገድ የሚያልፍበት ሰው ነው።

አሜሪካኖች በስቅላት ፈንታ ሳንቲም መረጡ። በኦክላሆማ ሲቲ የመሐል ከተማ ሠራተኞች ጠዋት መኪናቸውን ሱቅ ደጃፍ አቁመው እስከ ማታ ስለሚተዉት ገበያተኛው መቆሚያ አጣ። መላ የዘየደው ካርል ማጊ የሚባል የጋዜጣ ሰው፣ የሙያ ባልደረባችን ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 1935 የመጀመሪያው የፓርኪንግ ቆጣሪ መንገድ ዳር ተተከለ፤ ሒሳቡ በሰዓት አምስት ሳንቲም። «በሕዝብ መንገድ ደግሞ ክፍያ!» ያሉ አልጠፉም። የቆመ ሰው ግን ከሚያልፈው ላይ ቦታ መበደሩን ያች ሳንቲም አስታወሰች።

ወደኛ እንምጣ። በበቅሎ ዘመን ሥርዓቱ በሰው ልቦና ውስጥ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የደረሰ መንገደኛ፣ መኳንንት ቢሆን እንኳ፣ ከበቅሎው ይወርድ ነበር፤ የሚያስገድደው ይሉኝታ እንጂ ቅጣት አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለአፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ ጭንቁ የት እናቁማት ሳይሆን በየት እንንዳት ነበር። ዘመናት አልፈው መንገዱ ሲጠብ ትራፊክ ፖሊስ ታርጋ መፍታት ያዘ፤ የጎማ ቁልፍ መጣ፤ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችም ደረሰኝ ይዘው መንገድ ዳር ቆሙ። ሁሉም የሚያስፈልጉ ነበሩ። እኛ ግን ከዚህ ሁሉ የተማርነው አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት፦ «ትራፊክ አለ እንዴ?» «እዚህ ባቆም ማን ማለፍ ያቅተዋል?» የምትለውን ማንም አላስተማረንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

እናም ወረቀቴን ይዤ ስመለስ ከመኪናዬ ኋላ አንዲት ታክሲ በሯ ተከፍቶ ቆማለች። ምጥ የያዛትን ሴት ሁለት ሰዎች ደግፈው፣ በዝናብ፣ በኔ መኪናና በበሩ ምሰሶ መካከል በጎን ያሳልፏታል። ጥበቃው ጃንጥላ ይዞላታል። ቁልፌን ስፈልግ እጄ ተንቀጠቀጠ።

«ጋሼ፣ ነግሬዎት ነበር እኮ» አለኝ፣ ሳይቆጣ።

ታርጋዬን የፈታው የለም። የቀጣኝም የለም። ልጁ ወንድ ይሁን ሴት፣ በሰላም ተገላገለች ወይ ብዬ ለመጠየቅም አፈርኩ። ያቺ አምስት ደቂቃ ግን እስከ ዛሬ ድረስ እዚያ በር ላይ እንደቆመች ናት።