ማሽን ሲለያይ፣ መልስ ሲለያይ፦ ከዙሪክ እስከ ጄኔቫ

በ2004 (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተበትን ሃምሳኛ ዓመት ያከበረው የጄኔቫው የኑክሌር ምርምር ማዕከል፣ ሰርን፣ በመላው ዓለም የሚገኙ በጎ ፈቃደኞች የግል ኮምፒውተራቸውን ትርፍ ጊዜ እንዲያውሱት ጠየቀ። ኤልኤችሲ አት ሆም የተባለው ይህ ፕሮጀክት ሲክስትራክ የሚሰኝ ፕሮግራም በየቤቱ ያስኬድ ነበር። ሲክስትራክ የሚያሰላው በ27 ኪሎ ሜትሩ የቅንጣት ማፋጠኛ ቀለበት ውስጥ ፕሮቶኖች እስከ አንድ ሚሊዮን ዙር ሲዞሩ ከመሥመራቸው ሳይወጡ ይቆዩ እንደሆነ ነው። ለጥንቃቄ ሲባል አንዱ ስሌት ለተለያዩ ማሽኖች ይላክና መልሶቹ ይመሳከራሉ። ችግሩ የታየው እዚህ ላይ ነበር፤ ምንም ብልሽት የሌለባቸው ማሽኖች ለአንድ ጥያቄ የተለያየ መልስ ይመልሱ ነበር።

ምክንያቱ ኮምፓይለር በሚባለው መሣሪያ ዙሪያ ይገኛል። ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ፕሮሰሰሩ ወደሚረዳው ትእዛዝ ይለውጣል። ፍላግ የሚባሉት አማራጮች ደግሞ ለየትኛው የፕሮሰሰር ትውልድ እንደሚሠራ፣ ፍጥነት ለማግኘት ምን ያህል ነፃነት እንዳለውና የሒሳቡን ቅደም ተከተል መለወጥ ይችል እንደሆነ ይነግሩታል። የቀድሞዎቹ የኢንቴል ማስሊያዎች ዐሥርዮሽ ቁጥርን በውስጣቸው በ80 ቢት ሲይዙ፣ ከ2001 ወዲህ የተስፋፋው ስልት ግን በ64 ቢት ይሠራል። ኋላ የመጡ ፕሮሰሰሮች ማባዛትንና መደመርን በአንድ ትእዛዝ አዋሕደው ሁለቴ ይጠጋጋ የነበረውን ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ያጠጋጋሉ። እንደ ሳይንና ሎጋሪዝም ያሉትን የሚያሰሉ ቤተ መጻሕፍትም የመጨረሻዋን አኃዝ ሁሌም በአንድ ዓይነት አያጠጋጉም። ልዩነቱ ከቁጥር የላቀ አይመስልም፤ ይሁን እንጂ በማይረጋ እንቅስቃሴ ውስጥ በየዙሩ እያደገ ሄዶ «ተረፈ» የተባለውን ቅንጣት «ጠፋ» ሊያሰኝ ይችላል።

አንድ ጽሑፍ በብዙ ማሽኖች ላይ ይሠራ ዘንድ የመሻቱ ታሪክ ግን በከፊል የተጀመረው በዚያው አገር፣ በዙሪክ ነው። የዙሪኩ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኢቴሃ፣ በ1950 የኮንራድ ዙሴን ዜድ4 ማሽን ተከራየ። በዚያ የሚሠራው ሃይንዝ ሩቲስሃውዘር ማሽኑ ራሱ ቀመርን ወደ ትእዛዝ ሊለውጥ እንደሚችል በ1952 በታተመ ሥራው አሳየ። ከግንቦት 27 እስከ ሰኔ 2 ቀን 1958 ደግሞ አራት አውሮፓውያንና አራት አሜሪካውያን በዙሪክ ተሰብስበው አልጎል የተባለውን ቋንቋ መሠረት ጣሉ። ስብሰባው ቋንቋውን ከማሽን ነጥሎ አየው፤ አንድ ማጣቀሻ ቋንቋ ይኖራል፣ እያንዳንዱ ማሽን ደግሞ የራሱን አጻጻፍ ይይዛል ተባለ።

ኒክላውስ ቪርት ፓስካልን በ1970 ሲያወጣ የመጀመሪያው ኮምፓይለር የተሠራው ለአንድ ዓይነት ማሽን፣ ለሲዲሲ 6000፣ ብቻ ነበር። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ቋንቋውን ፈለጉት፤ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር አዲስ ኮምፓይለር መጻፍ ግን ብዙ ድካም ይጠይቃል። የዙሪኩ ቡድን መፍትሔ ፒ-ኮድ ነበር፤ ኮምፓይለሩ በእውን ለሌለ፣ በሐሳብ ለተቀረጸ ማሽን ይጽፋል፣ ተቀባዩ ይህን ትእዛዝ የሚያነብ አነስተኛ ፕሮግራም ብቻ ያዘጋጃል። ዋጋው የፍጥነት መቀነስ፣ ትርፉ ተደራሽነት ነበር። በዚህ መንገድ ፓስካል በካሊፎርኒያ ሳንዲዬጎ በኩል አፕል 2ን ወደመሳሰሉ አነስተኛ ኮምፒውተሮች ደረሰ።

ጄኔቫ የፈለገችው ሌላ ነገር ነው፤ የመልስ አንድነት። የሲክስትራክ ባለሙያዎች ለፍጥነት ብለው ሒሳቡን የሚለውጡ አማራጮችን አገዱ፤ በፈረንሳይ ሊዮን የተዘጋጀውንና የመጨረሻዋን አኃዝ በትክክል የሚያጠጋጋውን ክርሊብኤም የተባለ ቤተ መጻሕፍትም ተጠቀሙ። ጥቂት ፍጥነት ከፍለው በኢንቴልም በኤኤምዲም፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም አንድ ዓይነት መልስ አገኙ።

ሦስተኛው ፍላጎት ፍጥነት ነው፤ ዛሬ የሚያይለውም እርሱ ነው። በ2020 የኢንቴልና የኤኤምዲ 64 ቢት ፕሮሰሰሮች በአራት ደረጃ ተከፈሉ። በ2022 የወጣው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 9 ሁለተኛውን፣ በ2025 የወጣው 10ኛው እትም ሦስተኛውን ደረጃ ዝቅተኛ መስፈርት አደረጉ። ሦስተኛው ደረጃ ለኢንቴል በ2013 ከተጀመረው ትውልድ በታች ያሉትን ያስቀራል፤ ለላቀ ደረጃ የተሠራ ፕሮግራም በአሮጌ ፕሮሰሰር ላይ የማያውቀውን ትእዛዝ ሲያገኝ ወዲያው ይቆማል። ሰርን ከአሜሪካው ፌርሚላብ ጋር በ2022 የመረጠው አልማሊኑክስ ግን ከሦስተኛው ደረጃ ጎን ለሁለተኛው ደረጃ የሚሆን 10ኛ እትም አውጥቷል። አንዱ አቅራቢ አሮጌ ያለውን ሌላው ተሸክሞታል፤ ስለዚህ መስፈርቱ የቴክኒክ ግዴታ ብቻ ሳይሆን የውሳኔ ውጤት ነው።

ይህ ውሳኔ በዙሪክ ተጽፎ በጎንደር ወይም በአዳማ ለሚሠራ ሶፍትዌር ትልቅ ትርጉም አለው። ባለሙያው በአዲሱ ላፕቶፑ ላይ «ለዚህ ማሽን ተስማሚ አድርግ» የሚለውን አማራጭ ሲመርጥ፣ ሥራው በእጁ ላይ ይፈጥናል፤ በጤና ጣቢያው ያለው ከዐሥር ዓመት በላይ ያገለገለ ኮምፒውተር ግን ላያስነሣው ይችላል። ጉድለቱም የሚታየው ርክክቡ ካለቀ በኋላ ነው። ለአገር ቤት ተቋማት ሶፍትዌር የሚያሠሩ ወይም የሚለግሱ ሰዎች ዝቅተኛውን የፕሮሰሰር ደረጃ በውሉ ላይ ቢያሰፍሩ፣ ሙከራውም በተቋሙ እጅግ አሮጌ በሆነው ማሽን ላይ እንዲደረግ ቢጠይቁ ጉዳቱን አስቀድመው ይከላከላሉ። ፈተናን ወይም ግብርን በሚያሰላ ሥራ ላይ ሒሳብን የሚያዛቡ አማራጮችን መከልከል የጄኔቫው ትምህርት ነው። ፍጥነት የግድ በሚሆንበት ቦታ ደግሞ አንዱን ክፍል በሁለትና በሦስት ደረጃ አዘጋጅቶ ምርጫውን ፕሮግራሙ ሲነሣ ለማሽኑ መተው ይቻላል፤ ይህ የዲስክ ቦታና የሙከራ ጊዜ ይጨምራል፣ ማንንም ግን ከደጅ አያስቀርም።