ለግብሩ ምሕረት፤ ለደሙ ዝምታ

ከጣራ ገዳም ኮረብታ ላይ ሆኖ ቍልቍል የሚመለከት ሰው ርብና ጉማራ የሚያጠጡትን የፎገራን ሜዳ፥ ከዚያም ወዲያ የጣናን ባሕር ያያል። ከባሕሩ በስተ ደቡብ ጎጃም ነው። በጌምድርንና ጎጃምን ውሃ ቢለያቸውም የመሬት ሥርዐታቸው አንድ ነበረ፤ ይኸውም ርስት ነው። ርስት አቅኚው አባት ያቀናው፥ የልጅ ልጅ የሚካፈለው እንጂ በዋጋ የሚሸጥ አልነበረም። ስለዚህ በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር ዐዋጅ በወጣ ጊዜ ጎጃም፥ በጌምድርና ትግሬ በሌላው አገር ከተወሰነው ልክ ተለይተው በቀድሞው ግብራቸው እንዲቆዩ ሆነ።

በ1960 ዓ.ም. ግን ከእርሻ ገቢ ላይ ግብር የሚያስከፍል አዲስ ዐዋጅ ታወጀ። የጎጃም ባላገር የፈራው ገንዘቡን ብቻ አልነበረም፤ ዛሬ ምርቱን የሚገምተው ሹም ነገ በርስቱ ላይ ገመድ ይጥላል ብሎ ነው እንጂ። በደቡብ አገር መሬት በቃላድ ከተለካ በኋላ ስንቱ ባለመሬት ጭሰኛ ሆኖ እንደ ቀረ ሰምቶ ነበርና። የሞጣ፥ የብቸናና የዳሞት ሰዎች አቤት አሉ፤ በኋላም እንቢ ብለው መሣሪያ አነሡ። መንግሥትም ጦር አዘመተባቸው፤ የአየር ኀይል በመንደሮቻቸው ላይ ቦምብ ጣለ።

ነገሩ ከበረደ በኋላ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ለፍርድ ሳይቀርቡ ወደ ከፋ ተዛወሩ። በ1961 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ጎጃምን ጎብኝተው ውዝፉን ግብር ማሩ። ይህ ለባላገሩ ትልቅ ዕረፍት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ምሕረት የሚያደርግ የተበደለው ነው። በዚህ ጊዜ ግን ቤቱ በቦምብ የፈረሰበት ሰው እንደ በደለኛ ተቈጥሮ ተማረ፤ ቦምቡን ያስጣለው ባለሥልጣን ደግሞ ማሪ ሆነ። ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው ተረት በሥራ የታየው ያን ጊዜ ነው።

ያልተጠየቀ በደል ግን በቦታው አይቀርም። በ1966 ዓ.ም. የጅማ ሕዝብ በእኒያው ገዥ ላይ ተነሣ። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ደግሞ መርማሪ ኮሚሲዮን ገና ሥራውን ሳይፈጽም ደርግ ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ይህ በቀል እንጂ ፍርድ አይባልም፤ የሞተ ሰው ቃል አይሰጥምና። በየካቲትም የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት ተባለ፤ ባላገር የሞተለት ርስት በዐዋጅ ቀረ።

የናቡቴ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ያን ባለርስት ለማስገደል ደብዳቤ የጻፈችው ኤልዛቤል ብትሆንም ማኅተሙ የአክዓብ ነበርና ነቢዩ ንጉሡን ጠየቀው፤ የጠየቀውም ስለ ወይኑ ቦታ ብቻ ሳይሆን ስለ ደሙም ነው። በዘመናችንም ይህን ያደረገ መንግሥት አለ። በ1874 ዓ.ም. በኒው ዚላንድ አገር፥ ፓሪሃካ በሚባል መንደር፥ የማኦሪ ሰዎች መሬታቸው ተቀይሶ እንዳይወሰድ ያለ ጦር መሣሪያ ቢከላከሉ 1,600 ያህል ወታደር ገባባቸው። ከ135 ዓመት በኋላ፥ በ2009 ዓ.ም.፥ መንግሥቱ በዚያው መንደር ተገኝቶ ይቅርታ ጠየቀ። ጥፋቱን የሠሩት ሰዎች ሁሉ ሞተዋል፤ መንግሥት ግን አይሞትምና ዕዳው በተከታዩ ላይ ነበረ።

የጎጃምም ዕዳ እንዲሁ ነው። በ1960 ሕፃን የነበረ ዛሬ ሽማግሌ ሆኗል። የሟቾቹ ስም በየደብሩና በየቀበሌው ይጻፍ፤ ማን እንዳዘዘም ከመንግሥት መዝገብ ይውጣ። ከዚያ በኋላ ይቅርታ የሚጠይቀው መንግሥት፥ የሚምረውም ባላገሩ ይሆናል።