በጥሪ የሚቀርብ ትራንስፖርት በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች

በጥሪ የሚቀርብ የትራንስፖርት አገልግሎት ተሽከርካሪው በቋሚ መስመርና ሰዓት ሳይወሰን፣ ተገልጋዩ በጠየቀበት ጊዜና ቦታ የሚሰማራበት አሠራር ነው። የተቀናጀ የሚባለው ይኸው አገልግሎት ከመደበኛው የሚኒባስና የአውቶቡስ ስምሪት ጋር ሲተሳሰር ነው።

አሠራሩ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። "ኮንትራት" በሚል መጠሪያ የሚታወቀው ልማድ በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ ዋጋው በድርድር መወሰኑ ነው። በአዲስ አበባ እንደ ራይድ ያሉ ድርጅቶች ክፍያን በርቀትና በጊዜ እያሰሉ ያስተናግዳሉ። ራይድ ከመተግበሪያው ጎን ለጎን በ8294 የስልክ ጥሪ መቀበሉ ዘመናዊ ስልክ የሌለውን ተገልጋይ ያላገለለ በመሆኑ፣ ለክልል ከተሞች ከመተግበሪያው ይልቅ ትምህርት የሚሆነው ይህ ነው።

ተዳፋት በበዛባት ጎንደር የዕለት ተዕለት ጉዞ በአብዛኛው በባጃጅና በሚኒባስ ይከናወናል። በምሽት ወደ ሆስፒታል ለሚሄድ ሕመምተኛ ወይም አዘዞ ወደሚገኘው የአጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ለሚጓዝ እንግዳ የጥሪ አገልግሎት ጠቀሜታው ግልጽ ነው። ሆኖም አሽከርካሪዎች የተሻለ ገቢ ፍለጋ ወደ ኮንትራት ሲያዘነብሉ፣ በታሪፍ የሚጓዘው ሕዝብ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት በሰልፍ ይጉላላል። ስለሆነም የመስመር ስምሪቱ ሳይጓደል የጥሪው አገልግሎት የሚሰጥበትን ሁኔታ ማመቻቸት ያስፈልጋል።

በደጋማ ወረዳዎች ችግሩ ሌላ ነው። የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ እስከዚያ ድረስ መንገዱም ተሽከርካሪውም አለ። ከዚያ ባሻገር፣ በስሜን ተራሮች ዙሪያ ባሉት ጃናሞራና በየዳ ወረዳዎች፣ መንደሮቹ በገደልና በሸለቆ የተለያዩ ናቸው። ከገበያ ቀን ውጭ ተሽከርካሪው ሰው እስኪሞላ ይቆማል፤ አንድ አርሶ አደር ብቻውን ኮንትራት ልያዝ ቢል ዋጋው ከአቅሙ በላይ ይሆናል። በእነዚህ አካባቢዎች የጥሪ አገልግሎት የሚያዋጣው የብዙ መንገደኞች ጥያቄ አስቀድሞ በቀበሌ ደረጃ ተሰብስቦ፣ ተሽከርካሪው በተቆረጠ ቀን ሲመጣ ነው።

በገጠር ከሁሉ የሚቀድመው የጥሪ ትራንስፖርት አምቡላንስ ነው። አምቡላንስ የሚደርሰው መንገዱ እስከሚያደርስ ብቻ በመሆኑ፣ ቀሪው ጉዞ በቃሬዛና በጎረቤት ትከሻ ይሸፈናል። የስልክ ኔትወርክ በማይደርስበት ሸለቆ ደግሞ ጥሪው ራሱ በእግር ተጉዞ ይደርሳል። በመሆኑም ከመንገድ ርቀው የሚኖሩ ነፍሰ ጡር እናቶች ምጥ እስኪጀምር ሳይጠብቁ በጤና ጣቢያ ወደሚገኝ የእናቶች ማቆያ እንዲገቡ ይመከራል።

አምቡላንስ የሚጠራ ሰው በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በኩል ወይም በቀይ መስቀል የስልክ ቁጥር 907 ሲያሳውቅ፣ ቀበሌውንና ጎጡን፣ በአቅራቢያው የሚታወቅ ቤተ ክርስቲያን ወይም ትምህርት ቤት፣ እንዲሁም መኪና የሚገባበትን የመጨረሻ ቦታ አብሮ መግለጽ ይኖርበታል። ቃሬዛው ወደዚያው ቦታ ቀድሞ ቢንቀሳቀስ ጊዜ ይቆጥባል።

ከታሪፍ በላይ የተጠየቀ ወይም ትርፍ የተጫነበት ተጓዥ የተሽከርካሪውን ሰሌዳ ቁጥር፣ ቀኑንና የተሳፈረበትን ቦታ መዝግቦ ለመናኸሪያው ወይም ለወረዳው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል።